«ፈጠራ ይዛችሁ ቅረቡ» ተብለናል፤ እናንተ ጋ የሳይንስ ክበብ በተግባር እንዴት ነው የሚሄደው?

ቾክ በእጄ | ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ የሳይንስና ፈጠራ ክበብ እኔ ላይ ወደቀ። ወደቀ ያልኩት ወድጄ አይደለም። ምደባው የተደረገው እኔ በሌለሁበት ስብሰባ ነው።

ትናንት ደብዳቤ ደረሰን። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ 3 የተማሪ ፈጠራ ይዞ ታኅሣሥ አጋማሽ ኤግዚቢሽን ላይ ይቅረብ ይላል። በጀት የሚል ቃል የለበትም። እንዴት የሚልም የለበትም።

እኔ ዘንድ ያለው ይሄ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 64 ተማሪ። አርብ ከሰዓት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ እሱም ስብሰባ ካልበላው። ንብረት ክፍል ደግሞ ከ3 ዓመት በፊት የመጣ፣ ፕላስተሩ እንኳ ያልተቀደደ የሙከራ ዕቃ ካርቶን። ለክበቡ 38 ልጆች ተመዝግበዋል። ግማሾቹ የመጡት ቲሸርት ይኖራል ብለው ነው።

የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። መመሪያ አንብቤያለሁ። የምፈልገው ሰኞ ጠዋት ምን እንደምሠራ ነው።

የላብ ቁልፍ | ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 3፡05

ካርቶኑን አውቀዋለሁ። የእናንተን ሳይሆን ወንድሙን።

የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ፣ 9 ዓመቴ። ካርቶኑ የማይከፈተው ሰው ሰንፎ አይደለም። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል የገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል። ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባለው የወጪ ቅጽ ላይ የሚፈርም ሰው ይፈለጋል። የፈረመ ደግሞ ተጠያቂ ነው። እኔ ተማሪ የሰበረውን ቢከር ከደመወዜ ከፍያለሁ። ከዚያ በኋላ ለ2 ዓመት ሙከራ የሚባለውን ሁሉ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው ያሳየሁት። አላፍርም።

ግን መላ አለው እህቴ። ዕቃው «ቋሚ» እና «አላቂ» ተብሎ እንዲለይ ጠይቂ። ማይክሮስኮፕ ቋሚ ነው። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ትንንሽ አምፖል አላቂ ነው። ብዙ ቦታ ሁሉም በጅምላ ቋሚ ተብሎ ይገባና አንድ የባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ንብረት ጠፋ ይባላል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጊው፣ በቃል እንዳትሞክሪው። ከዚያ የብልሽት መዝገብ ክፈቺ። የሰበረው ልጅ ራሱ ቀኑንና ምክንያቱን ይጻፍበት። ኦዲተር ሲመጣ ያ ደብተር ጃንጥላሽ ነው።

ምናለሽ ተራ | ጥቅምት 18፣ ከምሽቱ 4፡30

እኔ የድሮ የክበብ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኤሌክትሮኒክስ ነው የምሠራው። በሲሪንጅና በካርቶን ኤክስካቫተር ሠርቼ 2 ጊዜ ተሸልሜያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ሁለተኛውን የሠራሁት የመጀመሪያው ላይ ቀለም ቀብቼ ነው። ማንም አላወቀም። ዛሬም ኤግዚቢሽን ብትሄዱ ያ ኤክስካቫተር አለ። ልጆቼም ሳይሠሩት አይቀሩም።

ስለዚህ የኔ ምክር አርዱዊኖ፣ ማለትም በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ግዙ። አንድ ቦርድ፣ አንድ ሴንሰር፣ ጥቂት ሽቦ። ልጆቹ ኮድ ይጻፉ። ዓለም እዚያ ደርሷል፣ እኛ አሁንም እሳተ ገሞራ በሶዳና በሎሚ እናፈነዳለን። ቀሪውን ዕቃ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ ታገኙታላችሁ፣ ከአሮጌ ፕሪንተር የሚወጣ ሞተር ብቻ ስንት ነገር ይሠራል መሰላችሁ።

ቀዝቃዛ ውሃ | ጥቅምት 19፣ ከጠዋቱ 1፡15

ቀዝቃዛ ውሃ ላፍስስ፣ ስሜም እሱ ነው።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። መቶ ልጅ አስቀምጣችሁ ሦስቱ አለፉ ማለት ነው። ልጆቹ ጥያቄውን አንብበው መረዳት እያቃታቸው ፈጠራ ፈጠራ ማለት ሱሪ ለሌለው ከረባት መግዛት ነው። አርብ ከሰዓቷን ለማጠናከሪያ ትምህርት ብታውሏት ይሻላል።

የ9ኛ ክፍል እናት | ጥቅምት 19፣ ከጠዋቱ 3፡40

መምህር ባልሆንም ልናገር። አዲስ አበባ ነኝ፣ ልጄ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። አምና የሳይንስ ፕሮጀክት ተብሎ ገንዘብ አዋጡ አሉን። ከአንድ ሱቅ ተሠርቶ መጣ። ልጄ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቆማ ወረቀት ላይ የተጻፈላትን አነበበች። «ይሄ ምንድን ነው?» ስላት «ሰንሰር ነው» አለችኝ። «ምን ያደርጋል?» አልኳት። «ማሚ፣ እሱ የሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው» አለችኝ።

ሌላም ነገር አስተውያለሁ። ፎቶዎቹን ሳያቸው ወንዶቹ ካቻቢቴ ይዘዋል፣ ሴቶቹ እስክሪብቶ። በሁሉም ቡድን! የጽሕፈት ሥራ ሁልጊዜ ለነሱ ነው። ፊዚክስ ሴት ስታስተምር አንብቤ ደስ ስላለኝ ነው ይሄን የጻፍኩት።

እንዶድ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 1፡20

ልጄ ቾክ በእጄ፣ እንደምን አመሸሽ። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ነኝ። ስሜን ያወጣሁት በዋዛ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት አድዋ ነበሩ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ወንዝ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ዶክተሩ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከፍ ብሎ ግን በሕይወት አሉ። በቃ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ቀጥሎ የብዙ ዓመት የላብራቶሪ ሥራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። የመጀመሪያው ቀን ግን ያስፈለገው ዓይን ነው። ያንን አረፋ ስንት ትውልድ አይቶታል። ቀንድ አውጣውንም አይቶታል። ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ምን ላድርግ ላልሽው፣ ካርቶኑን ለጊዜው ተይው። 38ቱን ልጆች አንዳንድ ደብተር አስይዣቸው። የጥያቄ ደብተር በይው። በየቀኑ ቤታቸው፣ መንገድ ላይ፣ ማሳ ላይ ያዩትን አንድ «ለምን?» ይጻፉ። መልስ አትፈልጊባቸው። በ2 ሳምንት ውስጥ ከሚጻፈው አብዛኛው ቆሻሻ ነው። አምስቱን ግን ታቅፊያቸዋለሽ።

ወንድሜ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ልጁ ጥያቄ አንብቦ የማይገባው ራሱ ጠይቆ ስለማያውቅ ቢሆንስ?

ምናለሽ ተራ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሽ እንዶድ፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን ደብተር ይዞ መዞር 21ኛው ክፍለ ዘመን ነው?

እንዶድ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡12

አርዱዊኖህ ምን ይለካል ልጄ?

ምናለሽ ተራ | ጥቅምት 19፣ ከምሽቱ 2፡31

እሺ፣ ገባኝ። የሚለካ ነገር ሳይኖር መለኪያ ይዤ መጣሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። አብሮኝ የሚሠራ ህንዳዊ አለ። እነሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አታል ቲንከሪንግ ላብ የሚባል በየትምህርት ቤቱ ይከፍታሉ። ለአንድ ትምህርት ቤት 2 ሚሊዮን ሩፒ ይመደባል። ግማሹ ለዕቃ ነው። ግማሹ ግን ለ5 ዓመት ማንቀሳቀሻ ነው፣ ያለቀውን ለመተካት፣ ለጥገና። እኛ ጋ ዕቃ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዚያ 3 ብር የሚያወጣ ነገር ስትቃጠል ሁሉም ይቆማል። የላብ ቁልፍ የተናገረው አላቂና ቋሚ ጉዳይ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 20፣ ከንጋቱ 11፡50

ከአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የኔ ልጅ 7ኛ ክፍል ነው፣ እዚህም በየዓመቱ ሳይንስ ፌር አለ። እዚህ ያለው ሁሉ ወርቅ እንዳይመስላችሁ። ከሦስቱ አንዱ ፕሮጀክት ላይ የአባትየው እጅ ይታያል። የኔም አለበት፣ ይቅር በሉኝ።

ግን ሁለት ነገር ወደድኩላቸው። አንደኛ፣ ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀን እየጻፈ የሚሞላው መዝገብ አለው። ዳኛው ያማረውን ሰሌዳ ገፋ አድርጎ «እስቲ ደብተርህን» ነው የሚለው። የተሰረዘ፣ የተደለዘ ደብተር ነጥብ ያስገኛል። ሰው ላይ የሚሞከር ነገር ከሆነ ደግሞ ሳይጀመር በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፣ ጓደኛህን ቡና አጠጥተህ የልብ ምት ለመቁጠርም ቢሆን።

ሁለተኛ፣ የልጄ ግምት ጭራሽ ስህተት ሆኖ ወጣ። አለቀሰ። አስተማሪዋ «ስህተት መሆኑን አሳየህ አይደል? ይሄው ነው ውጤቱ» አለችው። እኔ ባደግኩበት ክፍል ስህተት ኮርኩም ነበር።

ቾክ በእጄ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ወሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ቲሸርት እንደሌለ ሲታወቅ 38ቱ 17 ሆኑ። ደብተር ይዘው የሚመጡት 11 ናቸው፣ 6ቱ ሴቶች። እናትዬ፣ ያልሽውን ይዤ ካቻቢቴውና እስክሪብቶው በየሳምንቱ እንዲቀያየር አድርጌያለሁ። ወንዶቹ መጻፍ ሲደርሳቸው እጃቸውን ያማቸዋል!

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ላካፍላችሁ። «አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ባቄላ ቶሎ ይበስላል፣ እኛ ጋ ለምን ይዘገያል?» ይሄን በአንድ ቴርሞሜትር ጨረስነው። ከፍታችን ወደ 2,800 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ በላይ። ከፍታ ሲጨምር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ባቄላው ይዘገያል፤ የኛ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። መጽሐፉ ላይ 100 ይላል። አንድ ልጅ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ለመቀየር ሮጠ።

ዋናው ግን የአንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። «እናቴ የጤፍ ሊጥ ስታቦካ በብርድ ጊዜ ለምን ቀኑ ይረዝማል? ባልዲውን በብርድ ልብስ ብትሸፍነው ይጠቅማል ወይስ ልማድ ነው?» አገሩ የብርድ ልብስ አገር መሆኑን አትርሱ።

አራት የማር ማሰሮ፣ ማለትም የፕላስቲክ ዕቃ ወሰድን። ከአንድ ሊጥ፣ በአንድ መስፈሪያ፣ እኩል እርሾ። አንዱን እንዲሁ ተውነው፣ አንዱን በብርድ ልብስ ጠቀለልን፣ አንዱን ጭድ በሞላ ካርቶን ውስጥ ቀበርን፣ አራተኛውን ልጅቷ ቤት ምድጃ ዳር አስቀመጠችው። የሊጡን ከፍታ ዕቃው ላይ በተለጠፈ ወረቀት፣ በጠዋትና በማታ እናያለን።

የመጀመሪያው ዙር አልተሳካም። ክዳኑን ጥብቅ አድርገን ዘግተነው ነበር። እሁድ አልፎ ሰኞ ስንመጣ የአንዱ ክዳን ተስፈንጥሮ ሊጡ የቀሪ መዝገብ ላይ ተደፍቷል። ርዕሰ መምህሩ ለማን እንደሚቆጡ ግራ ገባቸው። ልጆቹ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሊጥ ውስጥ ጋዝ አለ ብዬ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጭዱ ብርድ ልብሱን በለጠ። ይሄን ማንም አልገመተም፣ እኔም። አሁን ጠባቸው ጭዱ በልጦ ነው ወይስ ካርቶኑ ረድቶት ነው የሚለው ላይ ነው። ሦስተኛ ዙር ይሠራሉ።

የላብ ቁልፍ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡20

ሊጥ በየትኛው ሞዴል ነው የሚገባው?

ቀዝቃዛ ውሃ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡30

አልዋሽም፣ ሊጡን ወድጄዋለሁ። ግን ዳኞቹ ፊት ሊጥ ይዘሽ ቀርበሽ እናያለን።

ቾክ በእጄ | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3፡00

ቀዝቃዛ ውሃ፣ አፍህ ቁርጥ ይበል፤ ያልከው ደረሰ።

ኤግዚቢሽኑ አለፈ። ጠረጴዛችን ላይ አራት ማሰሮ፣ አንድ ሰንጠረዥ፣ የተጨማለቀ ደብተር። ሦስት ዳኞች መጡ። የመጀመሪያው «ፈጠራው የት አለ?» አለ። ልጅቷ ማስረዳት ጀመረች። ዳኛው «ይንቀሳቀሳል?» አላት። ሊጥ! አንደኛ የወጣው የሲሪንጅ ኤክስካቫተር ነው፣ ቢጫ ቀለም የተቀባ። ምናለሽ ተራ፣ ወንድምህ በሕይወት አለ።

ልጆቹ ከፍቷቸው ነው የተመለሱት። እኔም። በዳኞቹ ግን ብዙ አልፈርድም፣ የተሰጣቸው ቅጽ ላይ «ለገበያ መቅረብ የሚችል» የሚል 20 ነጥብ አለ፣ «ምን ጠየቁ» የሚል የለም። ቅጹን ያወጣ ሰው ክበብ መርቶ አያውቅም።

አንዲት የግብርና ባለሙያ ግን ቆማ ሰንጠረዡን በስልኳ ፎቶ አነሳች። «ለምድጃውስ ስንት ሰዓት ነበር?» ብላ የጠየቀች እሷ ብቻ ናት።

ምናለሽ ተራ | ታኅሣሥ 21፣ ከምሽቱ 3፡25

እኔ ሁለቱንም የምስክር ወረቀት ዛሬ እመልስ ነበር፣ ማን እንደሚቀበለኝ አላውቅም እንጂ። በነገራችን ላይ የሙቀት ሴንሰር ካስፈለጋችሁ አራት አለኝ፣ በመነኻሪያ እልካለሁ። አሁን የሚለካ ነገር አላችሁ።

እንዶድ | ታኅሣሥ 22፣ ከጠዋቱ 2፡00

አይዞሽ ልጄ። በኤግዚቢሽን ቀን የማይመዘን ነገር ስጫቸው። በእናንተ ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት 2 ቀን አናት ላይ ትቆማለች። ሚያዝያ 7 አካባቢ ቀጥ ያለ ዱላ አቁሙና ጥላው የት እንደሚገባ ፈልጉ። ከሰሜን በኩል ሌላ ትምህርት ቤት ካገኛችሁ የምድርን ዙሪያ ትለካላችሁ። የጥንቱ ሊቅ ኤራቶስቴንስ የሠራው እሱን ነው፣ ግብፅ ውስጥ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት። ወጪው አንድ ዱላ።

ሰሜን ነፋስ | ታኅሣሥ 22፣ ከምሽቱ 1፡10

እኔ መቐለ አስተምራለሁ፣ ጂኦግራፊ። የኛ ላብራቶሪ ከጦርነቱ በኋላ ግድግዳው ነው የቀረው። ዱላ ግን አለን። ካርታ ላይ ስናይ ከናንተ ጋር አንድ መስመር ላይ ነን ማለት ይቻላል፣ በሰሜንና በደቡብ። ቁጠሩን።

ቾክ በእጄ | ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 2፡30

ትናንት ሠራነው!

1 ሜትር የብረት ዘንግ። ቀጥ ማለቱን ያረጋገጥነው ከአንድ ግንበኛ ወላጅ በተዋስነው ቱምቢ ነው። ከ5፡40 ጀምሮ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በኖራ ምልክት እናደርጋለን። ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ መጣ። 6 ሰዓት ሲሞላ ልጆቹ ጮኹ፣ ግን ጥላው አለ፣ ወደ 10 ሳንቲሜትር። ዝም አሉ። አንዱ «ቲቸር፣ ጋሽ እንዶድ ተሳሳቱ» አለኝ።

6፡22 ላይ ዘንጉ ግርጌ ገባ። ጠፋ። ዙሪያውን 40 ልጅ ከቦታል፣ ክበብ ያልሆነውም። የሁሉም ጥላ እግሩ ሥር ነው። አንዲት ልጅ የራሷን ጥላ ለማግኘት ትዞራለች።

መቐለዎች በዚያው ሰዓት 6 ሳንቲሜትር ተኩል ለኩ። 3.72 ዲግሪ ይሆናል። ርቀቱን ካርታ ላይ በማስመሪያ 420 ኪሎ ሜትር አገኘነው፣ በመንገዱ አይደለም፣ በቀጥታ። 360ን ለ3.72 አካፍለን በርቀቱ ስናባዛው የምድር ዙሪያ ወደ 40,600 ኪሎ ሜትር መጣ። ትክክለኛው 40,000 አካባቢ ነው። በኖራና በዱላ!

ከዚህ የበለጠ ግን ያስደሰተኝ 22ቷ ደቂቃ ናት። ቀትር ለምን 6 ሰዓት ላይ አልሆነም? አንዱ ሰዓቱ ተበላሽቷል አለ፣ አምስት ስልክ አመሳከሩ። ትናንትንና ዛሬን ፈጀባቸው። አገራችን የምትጠቀመው ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ነው፣ ያ መስመር ሶማሌ ክልል ዋርዴር አካባቢ ያልፋል። እኛ ከዚያ በ5 ዲግሪ ተኩል ወደ ምዕራብ ነን። ለአንድ ዲግሪ ፀሐይ 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። 22። ይሄን ያባዛችው የሊጧ ልጅ ናት፣ የአውቶቡስ ቲኬት ጀርባ ላይ።

ሰሜን ነፋስ | ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 2፡50

የኛዎቹ እናንተ ጥላ አልባ መሆናችሁን ሲሰሙ ቀንተዋል። መቐለ የሚጠፋበትን ቀን ራሳቸው አስልተው ሚያዝያ 18 ላይ ከበዋል። እናሳውቃችኋለን።

ቀዝቃዛ ውሃ | ሚያዝያ 9፣ ከጠዋቱ 1፡20

22ቷን ደቂቃ ለ12ኛ ክፍሎቼ ዛሬ እሰጣቸዋለሁ። ምንጩን ግን አልናገርም።

ቾክ በእጄ | ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 1፡00

ሃሃ፣ ተፈቅዶልሃል።

ጥላው ነሐሴ 22 አካባቢ እንደገና ይጠፋል ብያቸው ነበር። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው፣ ደመናውም አያሳይም ብዬ ጨመርኩበት። ሰዓቱ ተበላሽቷል ያለው ልጅ ዛሬ ዘበኛውን የጓሮ በር ቁልፍ ሲጠይቅ አገኘሁት።

የላብ ቁልፍ | ሚያዝያ 9፣ ከምሽቱ 1፡08

ቁልፉን በሞዴል 22 ያስፈርሙት።